ሪፖርት የማይጠየቅበት ሰዓት

ለ፦ ጉለሌ ክፍለ ከተማ አስተዳደር የትምህርት፣ የባህልና ኪነ ጥበብ እንዲሁም የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ኦቲዝም ላለባቸው ወጣቶች የጽሑፍ ክበብ እንዲከፈት ስለመጠየቅ

በክፍለ ከተማችን ባሉ የወጣት ማዕከላትና ቤተ መጻሕፍት፣ ኦቲዝም ያለባቸው ወጣቶች በሳምንት አንድ ቀን ተገናኝተው ግጥም፣ ተረት፣ አጭር ልቦለድ፣ ደብዳቤ ወይም ደስ ያላቸውን ሁሉ የሚጽፉበት ክበብ እንዲከፈት ለመጠየቅ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ጥያቄው ትንሽ ነው። አዲስ ሕንፃ፣ አዲስ መዋቅር፣ አዲስ የሥራ መደብ አይፈልግም። አንድ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ወረቀትና እርሳስ፣ ቢቻል አንድ ሁለት ኮምፒውተር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሥነ ጽሑፍ የሚወድና መቸኮል የማያውቅ አንድ መምህር ይበቃዋል። ከጥያቄው ጋር ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አብሮ ይመጣል፤ ለእኔ ከክፍሉም ከወረቀቱም የሚበልጠው እሱ ነው። ክበቡ ሕክምና እንዳይሆን፣ ወጣቶቹ ምን ያህል እንደ ተሻሻሉ የሚገልጽ ሪፖርትም እንዳይጠየቅበት። ይህ ቅድመ ሁኔታ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚከብድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እሱን ለማስረዳት የተጻፈ ነው።

ኦቲዝም በአገራችን በአደባባይ መነገር ከጀመረ ብዙ ጊዜ አልሆነውም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ፈልገው ሲያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁመው የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በ2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም እስከተለዩ ድረስም ወላጆች ልጆቻቸውን ከጓዳ እንዲያወጡ ሲወተውቱ ኖሩ። ነህምያ ኦቲዝም ማዕከልም እንዲሁ ከወላጆች ጥረት የተወለደ ነው። ማለትም እስካሁን የተሠራው ሥራ የተጀመረው ከመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ሳይሆን ከእናቶች ጭንቀት ነው። ጭንቀቱ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ ጥናትም አለ። ደጀኔ ጥላሁንና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ በአዲስ አበባ በሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች የአእምሮ እድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን ጠይቀው ነበር። ከእነዚህ መካከል 45 በመቶ የሚሆኑት በልጁ ሁኔታ ኀፍረት እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። ያልተሟላላችሁ ምንድን ነው ሲባሉ ደግሞ ከአራት ሦስቱ ያህል፣ በትክክል 74.5 በመቶው፣ ያነሡት የትምህርትን ነገር ነው። የሕክምና ባለሙያ እርዳታን ያነሡት ከግማሽ በታች፣ የገንዘብ ድጋፍን ያነሡት ደግሞ አንድ ሦስተኛ እንኳ አልሞሉም። ይህን ቅደም ተከተል ልብ ብላችሁ እንድትመለከቱት እለምናለሁ። ወላጆቹ ከመድኃኒትና ከገንዘብ በፊት የጠየቁት ልጁ ከሌሎች ጋር ተቀምጦ የሚማርበትን ቦታ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ይገምታል። ክፍለ ከተማችን በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ260 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበረው። የዓለሙ ግምት ለእኛም የሚሠራ ከሆነ በዚያን ጊዜ እንኳ ቁጥሩ ከ2 ሺህ ያልፍ ነበር። ስሌት እንጂ ቆጠራ አይደለም፤ ነገር ግን ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ፣ ከቀጨኔ እስከ ሩፋኤል ባሉ ቤቶች ውስጥ እነዚህ ሰዎች አሉ። ብዙዎቹም ልጆች ብቻ አይደሉም። ሕፃን የነበረው አድጎ ጢም አብቅሏል፤ ሕፃኗም በዝምታ ጎልምሳለች። ያሉት ጥቂት አገልግሎቶች ደግሞ በአብዛኛው የሚያተኩሩት በሕፃንነት ላይ ነው። ወጣትነት ሲመጣ የሚጠብቃቸው ቤት ነው፤ ቤት ውስጥም ቴሌቪዥን።

እድለኛ ሆኖ አገልግሎት ያገኘውስ ምን ዓይነት ቀን ነው የሚያሳልፈው? ይህን ነገር ሰው ብዙም አያስበውም። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ኳስ ሲወረውር የእጅና የዓይን ቅንጅቱ ይመዘገባል። ሥዕል ሲሥል የትኩረቱ ርዝመት ይለካል። ሙዚቃ ሲሰማ ለመረጋጋቱ ነው፤ ከሰው ጋር ሲጫወት ለማኅበራዊ ክህሎቱ ነው። ይህ ሁሉ በበጎ ፈቃድ የሚደረግ ነው፣ ባለሙያዎቹንም ማመስገን እንጂ መውቀስ አይገባም። ነገር ግን የአንድ ሰው ቀን ከጠዋት እስከ ማታ በመሻሻል ሚዛን ላይ ሲቀመጥ፣ ያ ሰው ደስ ስላለው ብቻ የሚያደርገው ነገር አይቀረውም። ሌላው ወጣት በእረፍት ቀኑ ኳስ ሲጫወት ወይም ግጥም ሲሞነጫጭር ለምን እንደሚያደርገው የሚጠይቀው የለም። የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ትርጉሙም ይኸው ነው፤ ማንም ውጤቱን አይጠብቅም። ለእነዚህ ወጣቶች የነፈግናቸው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። ስለዚህ ክበቡ ከታቀደለት ዓላማ አንጻር ስንት በመቶ ፈጸመ የሚል ቅጽ ከተላከለት፣ የሚሰጣቸውን ብቸኛ ነገር በዚያው ቅጽ ይወስድባቸዋል። ስንት ሰው መጣ፣ ስንት ሰዓት ተቀመጠ፣ ስንት ደብተር አለቀ ብላችሁ ብትጠይቁ ተገቢ ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ ነውና። ከዚያ ወዲያ ያለውን ተዉት።

ከስፖርቱ፣ ከሥዕሉ፣ ከሙዚቃው ይልቅ ጽሑፍን ለምን መረጥኩ? ጽሑፍ ጨዋታ ስለሆነ ነው፤ ሆኖም ከጨዋታ ውስጥ ለእነዚህ ወጣቶች የሚከብደውን ነገር ብቻ መርጦ ያስቀራል። ስለ ኦቲዝም በውጭ አገር በተጻፉ መጻሕፍት ብዙ የሚነሣው የዓይን ጉዳይ ነው፤ ሰውን ትክ ብለው አያዩም ይባላል። እኛ ዘንድ ታላቅን ዓይን ዓይኑን አለማየት ጨዋነት ስለሆነ፣ ዓይኑን የሰበረ ልጅ እንዲያውም ይመሰገናል። እዚህ አገር ኦቲዝም ያለበትን ወጣት የሚያጋልጠው ሰላምታ ነው። እንዴት አደርክ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ እናትህ ደህና ናቸው፣ ትምህርት እንዴት ነው እየተባለ ሲዥጎደጎድ፣ ለእያንዳንዱ በቅጽበት እግዚአብሔር ይመስገን ማለት፣ ከዚያም መልሶ መጠየቅ፣ በዚያ ላይ የሚነካካ እጅ፣ የሚሳም ጉንጭ፣ የመንገድ ጩኸት። መልሱ ጥቂት ሰከንድ ከዘገየ ኩሩ ወይም ያላደገበት ይባላል። ብዙዎቹ ግን የሚዘገዩት የሚሉት አጥተው ሳይሆን የሚሉት የሚደርስላቸው ተራው ካለፈ በኋላ ስለሆነ ነው። ወረቀት ተራ አያሳልፍም። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ አንባቢው ዘግይተሃል አይልም። የተጻፈውን ሰርዞ እንደገና መጀመር ይቻላል፤ በአፍ የወጣውን ግን አይቻልም።

አሁን ዋናውን ተቃውሞ ላንሣ። ኦቲዝም ያለበት ሰው ምናብ የለውም፣ ነገርን ቃል በቃል ይረዳል፣ ስለዚህ የፈጠራ ጽሑፍ ከማይችለው ነገር ጋር ማታገል ነው የሚሉ አሉ። ተቃውሞው ከየትም የመጣ አይደለም። ሎርና ዊንግና ጁዲት ጉልድ እ.ኤ.አ. በ1979 ለንደን ውስጥ ባደረጉት ጥናት ኦቲዝምን የገለጹት በሦስት ነገሮች ውስንነት ነበር፤ በማኅበራዊ ግንኙነት፣ በመግባባትና በምናብ። ከዚያ በኋላ ጄሚ ክሬግና ሳይመን ባረን ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች አዲስ ሐሳብ በብዛት የማፍለቅ ችግር እንዳለባቸው፣ የሚያፈልቁትም ከእውነታው ዓለም ብዙ እንደማይርቅ አሳዩ። ይህን ማስተባበል አልፈልግም። ነገር ግን ታሪኩ እዚያ ላይ አላቆመም። እ.ኤ.አ. በ2015 በማርቲን ዶኸርቲና በባልደረቦቹ በወጣ አንድ ጥናት ከ300 በላይ ሰዎች ለተራ ዕቃዎች የተለያየ አገልግሎት እንዲፈልጉ ሲጠየቁ፣ የኦቲዝም ባሕርያት የሚበዙባቸው ሰዎች ያቀረቡት ሐሳብ በቁጥር ያነሰ ቢሆንም ሌላው ሰው ያላሰበው ዓይነት ሆኖ ተገኝቷል። አናት ካሲረርና ኒራ ማሻል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ኦቲዝም ያለባቸውና የሌለባቸው አዋቂዎች ስሜትን የሚገልጽ ዘይቤ ራሳቸው እንዲፈጥሩ ጠየቁ። በአዲስነቱ የበለጠ የተገኘው የመጀመሪያዎቹ ሥራ ነው። ጥናቶቹ ጥቂት ናቸው፤ የተሳተፉትም መናገር የሚችሉ ሰዎች ናቸው፤ በአማርኛም አልተደረጉም። ስለዚህ ሁሉም ባለቅኔ ይሆናሉ አልልም። የምለው ይህን ያህል ብቻ ነው፦ ምናብ የላቸውም የሚለውን ፍርድ ይዞ በር መዝጋት ማስረጃው ከሚፈቅደው በላይ መሄድ ነው። ሐሳብ በብዛት ማፍለቅና ያልተለመደ ሐሳብ ማፍለቅ ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች መሆናቸውም ሥነ ጽሑፍን ለሚያውቅ ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

ደግሞስ ፈጠራ ማለት የግድ ከባዶ መነሣትና እንደ ፈለጉ መብረር ነው ያለው ማን ነው? የእኛ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት እንዲህ አልተጀመረም። የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው በሁለት ቤት ከሚቆመው ጉባኤ ቃና ነው። ከዚያ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ ወደ ዋዜማ እያለ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ የቤቱ ቁጥር የታወቀ፣ ዜማው የታወቀ፣ ልኩ የታወቀ ነው። ልጁ ነጻነቱን የሚያገኘው በሥርዓቱ ውስጥ ነው። ሥርዓትን፣ መደጋገምን፣ ልክን የሚወድ አእምሮ ለእንዲህ ያለ ትምህርት ባዕድ ሊሆን አይችልም። ፊደላችን ራሱ 33 ፊደላት በሰባት ድምፅ እየተዘረዘሩ 231 የሚሆኑበት ሰንጠረዥ ነው። ወይዘሮ ዘሚም አቡጊዳ ፎነቲክስ ያሉትን የማስተማሪያ ዘዴ የመሠረቱት በዚሁ በፊደላችን ድምፆች ላይ መሆኑ አስተዋይነታቸውን ያሳያል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ቅሬታም ከመምህራን ይሰማል። ልጁ ሁልጊዜ የሚጽፈው ስለ አንድ ነገር ነው ይባላል፤ የታክሲ መስመሮችን ስም ይደረድራል፣ የአውቶቡስ ቁጥር ይዘረዝራል፣ የመኪና ዓይነት ይቆጥራል እንጂ ድርሰት አይጽፍም። እኔ ግን ዝርዝር ድርሰት አይደለም የሚለውን አልቀበልም። በአገራችን መልክእ የሚባል የድርሰት ዓይነት አለ። ደራሲው የቅዱሱን ወይም የቅድስቲቱን አካል ከራስ ጠጉር ጀምሮ እስከ እግር ጥፍር አንድ በአንድ እየጠራ ለእያንዳንዱ ሰላምታ ያቀርባል። ከዝርዝር የተሠራ ግጥም ነው፤ ውበቱም ከመዘርዘሩ ይመነጫል፤ ሰውም ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጸልይበት ኖሯል። ከአዲሱ ገበያ ፒያሳ፣ ከሽሮ ሜዳ ስድስት ኪሎ፣ ከእንጦጦ አራት ኪሎ የሚሄዱትን መኪናዎች አንድ በአንድ የሚጠራ ወጣት የሚያየው ከተማ አለ። ጥሩ መምህር ዝርዝሩን ነጥቆ ስለ ክረምት ጻፍ አይለውም፤ ዘጠነኛው ታክሲ ውስጥ ማን ተቀምጧል ብሎ ይጠይቀዋል። መልሱ ከመጣ ታሪክ ተጀመረ። ካልመጣም ዝርዝሩ ዝርዝር ሆኖ ይቆይ፤ ክበቡ የእሱ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከወላጆች የሚመጣ ነው፤ አክብሮት ይገባዋል። ልጄ እንዲያውም ብቻውን ነው፣ ጭራሽ ደብተር ይዞ ጥግ ከተቀመጠ ከሰው ይብስ አይርቅም ወይ ይላሉ። ብቻ መሆንና ተገልሎ መቀመጥ ይለያያሉ፤ ሆኖም ፍርሃታቸው ልክ ነው፣ ለዚህም ነው ደብተር ይታደል ሳልል ክበብ ይከፈት ያልኩት። ካትሪን ክሮምፕተንና ባልደረቦቿ በኤድንብራ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ስምንት ስምንት ሰው በሰልፍ አድርገው አንድን ታሪክ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ እንዲያስተላልፉ አደረጉ። ሁሉም ኦቲዝም ያለባቸው የሆኑበት ሰልፍ፣ ሁሉም ኦቲዝም የሌለባቸው ከሆኑበት ሰልፍ ባላነሰ ሁኔታ ታሪኩን አስተላለፈ። ታሪኩ በብዛት የተሸረፈው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው። ይህ ውጤት ዴሚየን ሚልተን የተባለው፣ ራሱም ኦቲዝም ያለበት ምሁር፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ያቀረበውን ሐሳብ ይደግፋል፤ አለመግባባቱ የአንዱ ወገን ጉድለት ሳይሆን በሁለቱ መካከል ያለ ክፍተት ነው። እኛ ሁልጊዜ የምንጠይቀው ወጣቱ ወደ እኛ እንዲመጣ ነው። እርስ በርሳቸው የሚገናኙበት ቦታ ግን አልሰጠናቸውም። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አራት ሰው ዝም ብሎ ቢጽፍ፣ በመጨረሻ የፈለገ ቢያነብ፣ ያልፈለገ ባያነብ፣ ያ ማኅበር ነው። ወንድምና እህት ወይም የሰፈር ጓደኛ አብሮ ሊመጣ ቢፈልግም በሩ ክፍት ይሁን።

ሦስተኛው ጉዳይ ተቃውሞ ሳይሆን እውነተኛ እንቅፋት ነው፤ ብዙዎቹ በእጃቸው መጻፍ ያስቸግራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የተደረገ አንድ ጥናት ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች የእጅ ጽሑፍ ከእኩዮቻቸው የሚያንሰው በፊደሉ መጠን ወይም በቃላቱ መራራቅ ሳይሆን በፊደሉ ቅርጽ እንደሆነ አሳይቷል። ይህ ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ የውበት ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ግን ከዚያ ያልፋል፤ በእኛ ፊደል የአንዲት ጭረት ቦታ ድምፁን ይለውጣል፤ ለ ሉ ይሆናል፣ ሉ ሊ ይሆናል። በትምህርት ቤት ደግሞ ድርሰት ሲታረም ለእጅ ጽሑፍ ጥራት ነጥብ ይሰጣል። ስለዚህ ጽሑፍ ሲባል ብዙዎቹ የሚያስታውሱት ቀይ ብዕር ነው። በክበቡ ውስጥ በስልክ መጻፍ፣ በኮምፒውተር መጻፍ፣ በቃል ተናግሮ ማስጻፍ፣ በሥዕል መሃል ሦስት ቃል ጣል ማድረግ፣ ሁሉም ጽሑፍ ሆኖ ይቆጠር። ቋንቋውም የየቤቱ ይሁን፤ በአማርኛ የሚያስብ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ የሚያስብ በኦሮምኛ፣ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔ ቤት የመጣም በጋሞኛ ይጻፍ።

በቃል ማስጻፍን ሳነሣ ግን በጥብቅ የማሳስበው ነገር አለ። በውጭ አገር የማይናገሩ ሰዎችን እጅ ወይም ክንድ እየያዙ በፊደል ሰሌዳ ላይ የሚያስጽፉበት ዘዴ ለብዙ ዓመታት ተስፋፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሲፈተሽ የሚጻፈው ቃል የእጅ ያዡ እንጂ የወጣቱ እንዳልሆነ ተደጋግሞ ታየ። የአሜሪካ የንግግርና መስማት ባለሙያዎች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2018 ይህንንና ሰሌዳው በረዳቱ እጅ የሚያዝበትን ተመሳሳይ ዘዴ ባለሙያ እንዳይጠቀም በግልጽ አሳስቧል። ወላጆች በዚያ ዘዴ የተጻፈ ደብዳቤ አንብበው ያለቀሱት እንባ እውነተኛ ነበር፤ ደብዳቤው ግን የልጃቸው አልነበረም። እኛም እንዲህ ያለ ፈተና ይደርስብናል። መምህሩ ያማረ ግጥም ለማሳየት ሲል ቃል ይጨምራል፤ ወላጅ ለልጁ ክብር ሲል ያሳምራል። ደንቡ ቀላል ይሁን፤ እጅ አይያዝ፣ ቃል አይጨመር፣ የተባለው እንደ ተባለ ይጻፍ። አራት ቃል ከሆነ አራት ቃል ነው፤ የራሱ የሆነ አራት ቃል ሌላ ሰው ከጻፈለት መጽሐፍ ይበልጣል። መጻፍ ጨርሶ የማይፈልጉም ይኖራሉ። ያኔ ክበቡ ለእነሱ አይደለም ማለት ነው እንጂ እነሱ ጎደሉ ማለት አይደለም።

አራተኛውን ተቃውሞ የምጠብቀው ከእናንተው ከጽሕፈት ቤቶቹ ነው። ትምህርት ቤት ያላገኘ ልጅ እያለ፣ መድኃኒት ያጣ እያለ፣ የቤት ኪራይ ያቃታት እናት እያለች ግጥም ቅንጦት አይሆንም ወይ? ሙግቱ ከባድ ነው፤ በገንዘብ ጉዳይ ከሆነ ግን ለዚህ የሚሄደው ገንዘብ ከመድኃኒት ላይ የሚቀነስ አይደለም፤ ክፍሉ ተሠርቶ ቆሟል፣ ቁልፉም በእጃችሁ ነው። በመብት ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ሕጉ ተናግሯል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 30 አካል ጉዳተኞች በባህላዊ ሕይወት፣ በመዝናኛና በስፖርት ከሌሎች እኩል እንዲሳተፉ ያዛል፤ የፈጠራና የኪነ ጥበብ ችሎታቸውን የሚያዳብሩበት ዕድል መንግሥት እንዲያመቻች ሲያዝም ለራሳቸው ጥቅም ብቻ ሳይሆን ለኅብረተሰቡ መበልጸግ ጭምር መሆኑን ይገልጻል። የስምምነቱ አዘጋጆች ይህን ከጤና፣ ከትምህርትና ከሥራ ጎን ያስቀመጡት እነዚያ ከተሟሉ በኋላ የሚመጣ ነው ብለው አይደለም። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 41 የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን መርዳት የመንግሥት ኃላፊነት መሆኑን ደንግጓል። ሌላው ወጣት ሥራ እስኪያገኝ ኳስ አይጫወት አላልነውም። እንዲያውም ሥራ ስላላገኘ ነው የወጣት ማዕከል የሠራንለት።

ስለ ወጣት ማዕከላቱ ካነሣን፣ አሁን ባሉበት ሁኔታ ለእነዚህ ወጣቶች አይመቹም። ከረምቡላው፣ የእግር ኳስ ማሳያው አዳራሽ፣ የድምፅ ማጉያው፣ ሁሉም ለጆሮ ከባድ ነው፤ ብዙዎቹ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ለድምፅ እጅግ ስሱ ናቸው። ስለዚህ ከአዳራሹ የራቀ ክፍል ይመረጥ፤ ቀኑና ሰዓቱ እንዳይለዋወጥ፤ ስብሰባ መጣ ተብሎ ክፍሉ በድንገት እንዳይወሰድ። ለእኛ አንድ ቀን መሰረዝ ቀላል ነው፤ ሳምንቱን በዚያ ቀን ለሚለካ ወጣት ግን ቀላል አይደለም። ባለሙያም ሩቅ አይደለም። ስድስት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል አለ፤ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎችም እዚያው ናቸው። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በክፍለ ከተማችን ውስጥ ነው፤ ሐኪሞቹ ክበቡን እንዲመሩ ሳይሆን ወላጆች እንዲያውቁት እንዲነግሩ ቢጠየቁ ይበቃል። የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበርም አባላቱ በየተራ እንዲገኙ ቢለመን እምቢ የሚል አይመስለኝም።

የመጨረሻው ልመናዬ ስለ ማስታወቂያ ነው። የዓለም የኦቲዝም ግንዛቤ ቀን በየዓመቱ መጋቢት 24 ይከበራል፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወሰነው፣ ከ2008 ጀምሮም የሚታሰብ ጠቃሚ ቀን ነው። ክበቡ ከተከፈተ ግን ወጣቶቹን በዚያ ቀን መድረክ ላይ አውጥቶ፣ ባነር ተሰቅሎ፣ ካሜራ ተደቅኖ ግጥም ማስነበብ የሚያጓጓ መሆኑን ስለማውቅ አስቀድሜ እቃወማለሁ። ስለ ኦቲዝም እንዲጽፉም አይገደዱ። ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ኦቲዝምን በጥናት ከገለጸ በኋላ ቴምፕል ግራንዲን እ.ኤ.አ. በ1986 የራሷን ታሪክ የያዘ መጽሐፍ እስክታሳትም ድረስ ከአርባ ዓመት በላይ፣ ስለ እነዚህ ሰዎች የሚጽፈው በአብዛኛው ሌላ ሰው ነበር። በአማርኛም ዛሬ ስለ ኦቲዝም የምናነበው በብዛት የሐኪም፣ የወላጅና የጋዜጠኛ ነው። የእነሱ ድምፅ ቢጨመር ደስታዬ ነው፤ ነገር ግን ስለ ዳይኖሰር መጻፍ የሚፈልግ ስለ ዳይኖሰር ይጻፍ። የጻፉት ነገር የሚወጣውም ራሳቸው ሲፈቅዱ ብቻ፣ በመረጡት ስም ይሁን፤ ፈቃዱ የወላጅ ብቻ እንዳይሆን።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ በአንድ ወረዳ እንዲጀመር ነው፤ አንድ ክፍል፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት፣ ከስምንት የማይበልጡ ወጣቶች። ለአንድ ዓመት ይሞከርና ወጣቶቹ ራሳቸው ይቀጥል ካሉ በሌሎቹ ወረዳዎች ይስፋ። የትኛው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ እንደሚሆን ሦስታችሁ ተነጋግራችሁ ብትወስኑ፣ የተመረጠውን ክፍልና የሚጀመርበትን ቀን ደግሞ በየወረዳው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብትለጥፉ፣ ወላጆች አንብበው ይመጣሉ። ማስታወቂያው ላይ ስብሰባ እንደሌለ፣ ንግግር እንደማይደረግ፣ ፎቶግራፍ እንደማይነሣ ቢጻፍ ደግሞ ወጣቶቹም ይመጣሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የክፍለ ከተማው ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለየወረዳው የወጣት ማዕከላትና ቤተ መጻሕፍት